የተላቀቀው የጊታር ድልድይ
በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩትን የማርቲን ኩባንያ ድሬድኖት የተባሉ ባለ ትልቅ አካል ጊታሮች አርአያ አድርጌ በእጄ የሠራሁት ጊታር ድልድይ (ክሮቹን ከገጹ ጋር የሚያያይዘው እንጨት)፣ የብረት ክሮቹን ባጠበቅሁ በሦስተኛው ቀን ስፕሩስ ከተባለ እንጨት ከተሠራው ገጹ ላይ ከኋላ በኩል መላቀቅ ጀመረ። በመጀመሪያ የጠረጠርሁት እንጨቱን ነበር፤ ነገር ግን ድልድዩን ሳነሣው ሙጫውን እንደ መስታወት ልሙጥ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ድልድዩን በገጹ ላይ የሚጫነው ማጥበቂያ ከመጥበቁ በፊት ረግቶ እንደ ነበር ተረዳሁ። እንደ ድሮዎቹ ይሁን ብዬ የመረጥሁት ይህ ከእንስሳት ቆዳ የሚወጣ ሙጫ ቀዝቃዛ እንጨት ሲነካ ፈጥኖ ይረጋል፤ ደግነቱ በሙቀትና በእርጥበት መልሶ ይለቃል። አሮጌውን በሙቅ ውኃ አጽድቼ፣ እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ሁለቱንም ገጾች በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ፣ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀውን ሙጫ ቀብቼ ወዲያው አጠበቅሁት። ክሮቹን ከሁለት ቀን በኋላ ስመልስ ድልድዩ አልተነቃነቀም።