የአድብሉ መብራት ሲበራ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የዘመኑ የናፍጣ መኪና መሙያው ሁለት ነው። አንዱ የናፍጣው ነው። ሌላው፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ክዳን ያለው፣ የአድብሉ ነው። አድብሉ 32.5 በመቶ ዩሪያ ሲሆን የቀረው ማዕድን የወጣለት ንጹህ ውሃ ነው። ትኩስ ጭስ ላይ ሲረጭ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያው ደግሞ በጭሱ ውስጥ ያለውን መርዛማ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ወደ ናይትሮጅንና ውሃ ይለውጠዋል። ነዳጅ አይደለም፤ ሞተር ውስጥም አይገባም። ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ይህ ሲረሳ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

አድብሉ ናፍጣው ውስጥ ከተጨመረ

ቁልፉን አታዙሩ። በበተን የሚነሳ ከሆነም በተኑን አትንኩ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የነዳጅ ፓምፑ መሥራት የሚጀምርባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። አድብሉ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይዘቅጣል፤ ፓምፑ የሚስበው ደግሞ ከታች ነው። «ትንሽ ናት፣ ናፍጣ ሲጨመርበት ይጠፋል» ብሎ ያስነሳ ሰው አውቃለሁ። ኢንጀክተሮቹ ሲፈቱ ጫፋቸው ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ቅርፊት ጋግሮ ነበር። ሳይነሳ በፊት ቢሆን ታንከሩን አስቀድቶ ማሳጠብ ይበቃው ነበር። ተነስቶ ከሆነ ግን ፓምፑ፣ ፊልትሮው፣ መስመሩና ኢንጀክተሩ ሁሉ መታየት አለባቸው።

ናፍጣ አድብሉው ውስጥ ከገባ

አሁንም ቁልፍ አይከፈትም። ትንሽ ናፍጣ እንኳ በአድብሉው መስመር ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች ያሳብጣል፣ ካታሊስቱንም (ጭሱ የሚጣራበትን ክፍል) ይጎዳል። ከታንከሩ ጥቂት ቀድታችሁ ንጹህ ብርጭቆ ውስጥ በብርሃን እዩት። ላዩ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ቅባት ከተንሳፈፈ ተበክሏል። ይደፋል፤ ታንከሩም ይታጠባል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ዘይት የተቀዳበት ማንቆርቆሪያ ነው። ለአድብሉ የራሱ ማንቆርቆሪያ ይኑረው።

ዳሽቦርዱ «ከዚህን ያህል ኪሎ ሜትር በኋላ ሞተሩ አይነሳም» ሲል

ብዙ ጊዜ አድብሉው እያለቀ ነው። ቁጥሩ ዜሮ ቢደርስም መኪናው መንገድ ላይ ቀጥ አይልም፤ አንዴ ካጠፋችሁት ግን አይነሳም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙና ሙሉ። አንድ ሊትር ጠብ ማድረግ አያዋጣም፤ ሴንሰሩ ላያየው ይችላል። ትንሹ መጠን በመኪናው መመሪያ ላይ ተጽፏል። ከሞላችሁ በኋላ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ከፍታችሁ ትንሽ ጠብቁ። አንዳንዱ መኪና መብራቱን የሚያጠፋው ጥቂት ከተነዳ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ትዕግስት አጥተው ደህናውን ሴንሰር የሚያስቀይሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ሞልቶም «ጥራቱ ዝቅተኛ ነው» ካለ

ወይ በውሃ ቀጥኗል፣ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም አድብሉ አልነበረም። ሬፍራክቶሜትር ያለው መካኒክ በአንድ ጠብታ ይለካዋል። ንባቡ ከ31.8 እስከ 33.2 በመቶ መሆን አለበት። መሣሪያው ግን የዩሪያውን መጠን እንጂ ንጽህናውን አያሳይም። የማዳበሪያ ዩሪያ በቧንቧ ውሃ ተበጥብጦ ንባቡ ልክ ሊመጣ ይችላል፤ በውስጡ ያለው ካልሲየም ግን ካታሊስቱን ቀስ በቀስ ይደፍነዋል። ስለዚህ ስትገዙ ጀሪካኑ ላይ አይሶ 22241 (ISO 22241) የሚለውን የጥራት ደረጃ ፈልጉ፣ የተመረተበትንም ቀን እዩ። ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ 18 ወር ይቆያል። ሙቀቱ 35 ሲደርስ ግን ዕድሜው ወደ 6 ወር ይወርዳል። ፀሐይ ላይ የተደረደረ ጀሪካን አትግዙ።

ነጭ ዱቄት ሲታይ

ክዳኑ ዙሪያ ከሆነ ሲሞላ የፈሰሰ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል። መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ግን ያፈሳል ማለት ነው። የሚረጨው አፍንጫ ላይ ከጋገረ ጭሱ በደንብ አልሞቀም። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ላይ ይበዛል። አፍንጫው ተፈቶ ለብ ባለ የተጣራ ውሃ ይዘፈዘፍ እንጂ በሽቦ አይፋቅ። ከዚያ መኪናውን አልፎ አልፎ ረዘም ያለ መንገድ ንዱት። ሞተር እንደጠፋ ባትሪ መንቀልም ቅርፊት ያመጣል። ፓምፑ በመስመሩ የቀረውን ፈሳሽ መልሶ እስኪስብ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ሲበርድ

አድብሉ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ይረጋል። መኪናው ይነሳል፤ ማሞቂያው ራሱ ያቀልጠዋል። ፀረ በረዶ አትጨምሩበት። ሲረጋ ስለሚያብጥ ታንከሩን እስከ አፉ አትሙሉ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ

ያኔ የብልሽት ኮዱ በኮምፒውተር ይነበብ። የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል። ከመቀየሩ በፊት ግን ሶኬቱ ይነቀልና ይታይ። አድብሉ መዳብ ይበላል፤ በሽቦው ውስጥ ተስቦ ሶኬት ድረስ ይደርሳል። ፒኖቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ካለ መጀመሪያ የሚፈለገው ፈሳሹ የሚገባበት ቦታ ነው፤ ካልተደፈነ አዲሱንም ሴንሰር ይበላዋል።