ሌብሉ 800 ቢልም፦ የሆቴል አንሶላ እንዴት ይመረጣል?

ደሴ ውስጥ አነስ ያለ ፔንሲዮን አለን። አንድ ጊዜ ሌብሉ ላይ የክሩ ብዛት «800» የሚል አንሶላ ብዙ ብር ከፍዬ ገዛሁ። ስድስት ወር ሳይሞላው ላዩ ትንንሽ እንክብል አወጣ። አንድ እንግዳ «ሰውነቴን ቆረቆረኝ» ሲለኝ በጣም ነው ያፈርኩት። ከዚያ ወዲህ ከቁጥሩ ይልቅ ክሩን ነው የማየው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንረዳው። ሸማኔ ጎረቤት ያለው ሰው አይቸገርም፤ የድር (በቁመት የሚሄደው ክር) እና የማግ (በአግድም የሚገባው ክር) ድምር ነው። ቁመቱም ወርዱም አንድ ኢንች (2.54 ሴንቲ ሜትር) በሆነ ጨርቅ ላይ ድሩ 110፣ ማጉ 90 ከሆነ 200 ይባላል። ማታለያው እዚህ ጋ ነው። ሁለት ቀጫጭን ክር ተገምዶ አንድ ከሆነ በኋላ እንደ ሁለት የሚቆጥሩ አሉ። እንዲህ ነው 400ው 800 የሚሆነው። ጥጡ ጥሩ ከሆነ ከ200 እስከ 400 ያለው ለሆቴል ይበቃል።

ቀጥሎ ራሳችሁ ቁጠሩ። ወረቀት ላይ በአራቱም ጎን 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ቁረጡና ጨርቁ ላይ አስቀምጡት። በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ፎቶ አንሱ። ድሩ 45፣ ማጉ 35 ቢሆን ድምሩ 80 ነው። በ2.54 ስታባዙት 203 ገደማ ይመጣል።

ከዚያ ጥጡ። ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። እናቴ ባዘቶውን ይዛ እንዝርቱን ስታሾር አይቻለሁ። ጭረቱ (አንዷ የጥጥ ፀጉር) ዘለግ ያለ ጥጥ ክሩ ልስልስ ይላል፣ ቶሎም አይበጠስም። አጭሩ ግን ጫፉ እየወጣ ይንጨባረራል፤ እንክብሉን የሚያመጣው እሱ ነው። አንሶላውን ወደ መስኮት ያዙት። ክሩ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ከሳሳ ተዉት። እጃችሁ ውስጥ አሹት፤ ነጭ ብናኝ ካራገፈ ጨርቁን ወፍራም ያስመሰለው ስታርች (ማጠንከሪያ ዱቄት) ነው፣ ታጥቦ ይሄዳል።

«መቶ በመቶ ጥጥ» ከተባላችሁ ከጠርዙ አንዲት ክር መዝዛችሁ ለኩሱ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የወረቀት ነው፣ አመዱ ይበናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ቅልቅል መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙ አይጨማደድም። ክረምት ላይ ማድረቂያ ማሽን ለሌለን ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ብቻ በጥጥ ዋጋ አትግዙት።

አሸማመኑን እንደ አገሩ አየር ምረጡ። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ አንድ ከላይ አንድ ከታች የሚሸመነው ፐርኬል ነፋስ ያስገባል። ለደሴ ብርድ ክሩ ብዙ ክር እየዘለለ የሚሸመነው፣ ሳቲን የሚባለው ይሻላል፤ ለስለስ ብሎ ሰውነት ላይ ይተኛል፣ ግን ቶሎ ይመዘዛል።

በመጨረሻም ሃያ አንሶላ ቢያስፈልጋችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትግዙ። አንዱን ውሰዱ፣ ለኩት፣ ሦስቴ እጠቡት፣ እንደገና ለኩት። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ከፍራሹ ስር የሚታጠፍ ካልተረፈው ሌላ መጠን ጠይቁ።