ለአለቃ ማሽቃበጥ በእንግሊዝኛ

ፊልም ላይ «ሰክ አፕ» ሲባል ሰምታችሁ ግራ ከገባችሁ፣ ነገሩ የኛው ማሽቃበጥ ነው። እኛ «ለአለቃዋ ታሽቃብጣለች» ስንል «ለ» እንደምንጨምረው፣ እነሱም «ቱ» ይጨምራሉ፦ «ሺ ሰክስ አፕ ቱ ዘ ቦስ»። «ቱ»ን ከረሳችሁት ትርጉሙ ይበላሻል። አቧራ የሚስብ ማሽንም «ሰክስ አፕ» ይባላልና!

«በተር አፕ» ለስለስ ይላል። ቃል በቃል ቅቤ መቀባት ነው (እኛም «አፈ ቅቤ» እንል የለ?)። ፈቃድ ወይም የደመወዝ ጭማሪ ሊጠየቅ ሲል ለሚዘንበው ሙገሳ ልክክ ይላል። እዚህ «ቱ» አያስፈልግም።

«ብራውን ኖዝ»ን ግን ቢሮ ውስጥ ባትሞክሩት ይሻላል። ሲተረጎም ቡናማ አፍንጫ ነው። አፍንጫው የት ገብቶ ቡናማ እንደሆነ ለእናንተው ልተወው።