የሆም ቴአትር ድምፅ ሞድ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ «ሪሲቨር» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የዲሹ ነው። የምጽፈው ግን ስለ ሌላው፣ አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ስለሚያሠራው የሆም ቴአትር ሪሲቨር ነው። ገዝተው ሳሎን ያስገቡት ብዙዎች የሚሳሳቱት በአንዲት የሪሞት ቁልፍ ነው፤ ሞድ፣ ማለትም ድምፁ ተሰናድቶ ለስፒከሮቹ የሚከፋፈልበትን መንገድ፣ በምትቀይረው።

አንደኛው ስህተት የገባውን ድምፅ ሳያዩ ሞድ መምረጥ ነው። የሪሲቨሩን መስኮት፣ ፊቱ ላይ ጽሑፍ የሚበራበትን፣ ያንብቡ። በኦፕቲካል (በብርሃን በሚሠራው የድምፅ) ገመድ የመጣ «ፒሲኤም»፣ ማለትም ያልታመቀ ዲጂታል ድምፅ፣ ሁልጊዜ ሁለት ቻናል፣ ግራና ቀኝ ብቻ፣ ነው፤ የትኛውም ሞድ ሁለቱን ለአምስት ያካፍላል እንጂ ያልተቀዳ ድምፅ አይወልድም። ፊልሙ ባለ 5.1 (ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሳብዉፈር የተቀዳ) ሆኖ መስኮቱ ፒሲኤም ካለ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ገብተው «ቢትስትሪም» ያድርጉት፤ ያኔ ቴሌቪዥኑ የፊልሙን ድምፅ ሳይፈታ ለሪሲቨሩ ያሳልፋል። ሞድ ቢያገላብጡ አይድንም።

ሁለተኛው በፊልም ሞድ የድሮ ዘፈን መስማት ነው። አንድ እሑድ ጎረቤቴ ጋሼ «ና እስቲ፣ መሰንቆው ታንቋል» ብለው ጠሩኝ። ከካሴት የተገለበጠ አምባሰል ከፍተዋል። ጆሮዬን ወደ ግራውና ወደ ቀኙ ስፒከር ባስጠጋ ጭጭ ብለዋል፤ ድምፁ ሁሉ የሚወጣው ከቴሌቪዥኑ ሥር ካለችው ትንሽ ስፒከር ብቻ ነው። መስኮቱ «ፕሮ ሎጂክ 2 ሙቪ» ይላል፤ ሁለት ቻናልን ለአምስት የሚያካፍል የፊልም ሞድ ነው። ቀረጻው ሞኖ ስለሆነ ግራና ቀኙ የያዙት አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፤ ፕሮ ሎጂክ ደግሞ እንዲህ ያለውን የተዋናይ ንግግር ይመስል ወደ መካከል ይሰበስበዋል። «ስቴሪዮ» የሚለውን ብጫነው መሰንቆው ወደ ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች ወጣ። ጋሼም ሪሞቱን ተቀብለውኝ ደበቁት። በአዳዲሶቹ ሪሲቨሮች የፕሮ ሎጂክን ቦታ የያዘው «ዶልቢ ሰራውንድ» ነው፤ በሞኖ ላይ ጠባዩ ያው ነው።

መንዙማን በ«አዳራሽ» ወይም በ«ስታዲየም» ሞድ መክፈት ሌላው ነው። ጭብጨባውና ድቤው ከተቀዱበት ቤት የራሳቸውን ማስተጋባት ይዘው ይመጣሉ። ሳሎንዎ የሲሚንቶ ግድግዳ ካለው እሱም ይጨምርበታል። በዚህ ላይ ሪሲቨሩ ሦስተኛ ማስተጋባት ሲደርብበት ቃሉ አይለይም።

«ሁሉም ቻናል ስቴሪዮ» ለድግስ ጥሩ ነው፤ እንግዳው የትም ቢቀመጥ ይሰማል። ለፊልም ግን ንግግሩን ከኋላዎ ያመጣዋል። ድምፁን ሳይነካካ በሚያሳልፈው «ፒዩር ዳይሬክት» ላይ ሳብዉፈሩ ዝም ቢልም ጠጋኝ ጋር አይሩጡ፤ በብዙ ሪሲቨሮች ሁለት ቻናል ሲገባ የሞዱ ሥራ ይኸው ነው።

በጣም የሚናቀው «የሌሊት ሞድ» ነው። ሥራው ዝቅ ያለውን ድምፅ ማንሳት፣ የጎላውን ማብረድ ነው፤ ብዙዎች ግን ልጆች ሲተኙ ብቻ የሚበራ ይመስላቸዋል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በቀንም ቢሆን ያብሩት፤ ሹክሹክታው ሳይቀር ይሰማል። ሲያባራ ያጥፉት፤ አለዚያ የፊልሙ ነጎድጓድም ሹክሹክታም ተቀራራቢ ይሆናሉ።