ክለባችን ታዳጊ ተጫዋች ሊገዛ ሲነሳ ደጋፊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰኔና ሐምሌ ለእኛ አገር የአውሮፓ ኳስ ወዳጅ ባዶ ወራት ናቸው። ሊጉ የለም፣ ውጭ ዝናብ ነው፣ ያለው የዝውውር ወሬ ብቻ ነው። ሻይ ቤትም ሆነ ስልክ ላይ ያው ክርክር ይደጋገማል። ክለባችን አንድ የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ ጠየቀ ይባላል፣ ገንዘቡ ይጠራል፣ ከዚያ ግማሹ «ይሄን ሁሉ ገንዘብ ለማን?» ሲል ግማሹ ልጁን ገና ሳይፈርም ኮከብ ያደርገዋል።

አርሰናልን መደገፍ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። መጠርጠር ነውር ነው ብዬ አላምንም፤ ደጋፊ ዝም ሲል ክለቦች ምን እንደሚሠሩ አይቻለሁ። የሚያሳዝነኝ ጥርጣሬያችን የሚያርፍበት ቦታ ነው። ልጁን የሚገዙት ሰዎች ዕቅድ አላቸው ወይ ብለን መጠየቅ ሲገባን ልጁን ራሱን እንከሳለን። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው፤ ጥቂቶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተጠራውን ገንዘብ እንዳለ መቀበል

በ2015 የክረምቱ የዝውውር መስኮት ሊዘጋ ሲል ማንችስተር ዩናይትድ የ19 ዓመቱን አንቶኒ ማርሻልን ከሞናኮ ወሰደ። ወሬው ሁሉ 58 ሚሊዮን ፓውንድ እያለ ነበር። የመነሻ ክፍያው ግን 36 ሚሊዮን ነበር፤ የቀረው ልጁ ካደገ ብቻ የሚከፈል ጭማሪ ነው፤ አንደኛው ቅድመ ሁኔታ እንዲያውም ከባሎን ዶር፣ ከዓለም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ ጋር የታሰረ ነበር። ይህን ሳይለዩ «58 ሚሊዮን ተጣለ» ማለት ያልወጣን ገንዘብ መቁጠር ነው።

ሂሳቡ በክለቡ መዝገብ ላይ የሚጻፍበት መንገድም ከኪሳችን ሂሳብ ይለያል። ተጫዋች የተገዛበት ዋጋ በውሉ ዓመታት ይከፋፈላል። ቼልሲ ሚካይሎ ሙድሪክን በ70 ሚሊዮን ዩሮና እስከ 30 ሚሊዮን ሊደርስ በሚችል ጭማሪ ሲገዛ ለስምንት ዓመት ተኩል አስፈረመው፤ ስለዚህ የመነሻው ዋጋ በዓመት ከስምንት ሚሊዮን ዩሮ ትንሽ ከፍ ብሎ ብቻ ይመዘገባል። የአውሮፓን ኳስ የሚያስተዳድረው ዩኤፋ ይህን አይቶ በ2023 ማከፋፈያውን በአምስት ዓመት ገደበ፤ ፕሪሚየር ሊጉም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተከተለው። እንግዲህ «ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «ስንቱ አሁን፣ ስንቱ በጭማሪ፣ ለስንት ዓመት ውል?» ብሎ የሚጠይቅ ደጋፊ ክለቡን በትክክል ይይዘዋል። ረጅም ውል በተለይ ያስጠረጥራል። ልጁ ካልሆነለት ያንን ደመወዝ የሚሸከም ሌላ ክለብ ማግኘት ከባድ ነው፣ ልጁም እዚያው ይታሰራል።

ያልተሳካን ዝውውር እንደ መርዶ መቀበል

የሙድሪክን ነገር ካነሳሁ ልጨርሰው። ጥር 2023 ላይ አርሰናል ሊጉን እየመራ ነበር፤ ልጁን ከዩክሬኑ ሻክታር ዶኔትስክ ለመውሰድ ደጋግሞ ጠየቀ፣ ልጁም መምጣት እንደሚፈልግ እየተሰማ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ቼልሲ ገብቶ ወሰደው። የጥምቀት ሰሞን ነበርና አልረሳውም፤ የሠፈሬ የአርሰናል ደጋፊ ሁሉ ክለቡ ገንዘብ ቆጥቦ ዋንጫ አስበላን ይል ነበር። በጥምቀት ማግስት ደግሞ የ28 ዓመቱ ሊአንድሮ ትሮሳርድ ከብራይተን በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ መጣ። ማንም ደስ አላለውም፤ ደረታችንን ነፍተን የምናወራለት ስም አልነበረም።

ሁለት ወር ሳይሞላ አርሰናል ፉልሃምን በሜዳው 3 ለ 0 ሲያሸንፍ ሦስቱንም ጎሎች ያመቻቸው ትሮሳርድ ነበር፤ ያውም በመጀመሪያው አጋማሽ። ሙድሪክ በቀረው የውድድር ዘመን በሊጉ አንድም ጎል አላገባም።

ነገር ግን ከዚህ «እንኳን ቀረብን፣ ልጁ ባዶ ነበር» ብሎ መደምደም ሌላ ስህተት ነው። የአገሩ ሊግ በጦርነት ተመሰቃቅሎ ከነበረበት ልጅ በዓመቱ አጋማሽ ለንደን ገባ። ያገኘው ቡድን ተጫዋች የተትረፈረፈበት ነበር። ግሬሃም ፖተር ሚያዝያ ሳይጋመስ ተባረረ፣ ፍራንክ ላምፓርድ በጊዜያዊነት መጣ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ አሰልጣኝ። የ22 ዓመት ልጅ በስድስት ወር ውስጥ የስንቱን ትዕዛዝ ይማራል? ያው ልጅ በሥርዓት በተሠራ ቡድን ውስጥ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም። እኔ የማውቀው ችግሩ እግሩ ላይ ብቻ እንዳልነበረ ነው።

ያመለጠ ሁሉ እንኳን አመለጠ የሚባል ደግሞ አይደለም። ዩናይትድ ኧርሊንግ ሃላንድን ጥር 2020 ፈልጎት ነበር፤ ልጁ የጀርመኑ ዶርትሙንድ ገባ፣ በ2022 ደግሞ ማንችስተር ሲቲ። እንዲህ ያለው ቁጭት ተገቢ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት መፍረድ

ይሄኛው ላይ የምናገረው ከራሴ ነው። አርሰናል በ2019 የ18 ዓመቱን ዊልያም ሳሊባን ከሴንት ኢቴን በ27 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛና እዚያው በውሰት ተወው። ተመልሶ ሲመጣ አልተሰለፈም፤ ጥር 2021 ወደ ኒስ፣ ከዚያ ወደ ማርሴይ ተላከ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለአርሰናል ዋናው ቡድን አንድ ይፋዊ ጨዋታ አላደረገም። እኔ ያኔ «ይሄ ልጅ የለም፣ ገንዘባችን ተበልቷል» እያልኩ ለጓደኞቼ አስረግጬ እናገር ነበር። በማርሴይ የፈረንሳይ ሊግ የዓመቱ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተባለ። ነሐሴ 5 ቀን 2022 በክሪስታል ፓላስ ሜዳ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ ግን አሥር ዓመት የኖረበት ሜዳ ይመስል ነበር። መጋቢት 2023 ጀርባውን ሲጎዳና መከላከላችን ሲፈርስ፣ ዋንጫውም ከእጃችን ሲወጣ፣ ዋጋው ምን ያህል እንደነበር በደንብ ገባኝ።

የቆየ ደጋፊ ይሄን ከድሮ ማወቅ ነበረበት። ቲየሪ ሄንሪ በ1999 ከጁቬንቱስ በ11 ሚሊዮን ፓውንድ ሲመጣ የሄደብንን ኒኮላ አኔልካን ሊተካ ነበር። አኔልካ ከፓሪስ በግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ መጥቶ ወደ ሪያል ማድሪድ ከ22 ሚሊዮን በላይ ያስገኘ ልጅ ነበርና ንጽጽሩ ከባድ ነበር። ሄንሪ የመጀመሪያ ጎሉን እስኪያገባ ሳምንታት ፈጀበት። በክለቡ 228 ጎል አስቆጥሮ ጨረሰ።

ከእኛው አካባቢ የዘር ሐረግ ያለው ልጅም ምሳሌ ነው። ከኤርትራውያን ወላጆች ስዊድን ሶልና የተወለደው አሌክሳንደር ኢሳቅ በ17 ዓመቱ፣ ጥር 2017፣ ዶርትሙንድ ገባ። በሁለት ዓመት በጀርመን ሊግ፣ በቡንደስሊጋ፣ የተጫወተው አምስት ጨዋታ ብቻ ነው። ያኔ የዶርትሙንድ ደጋፊ «ተታለልን» ቢል ማን ይፈርድበታል? ሆላንድ ውስጥ በቪለም ቱ በውሰት ተሰልፎ በ16 የሊግ ጨዋታ 13 ጎል ሲያገባ ግን ጉዳዩ የመሰለፍ ጉዳይ እንደነበር ታየ። ከዚያ ሪያል ሶሲዳድ፣ ከዚያ ኒውካስል። መስከረም 2025 ሊቨርፑል 125 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለበት።

«አላውቀውም» ብሎ ማጣጣል፣ ወይም በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ማበድ

ሁለቱ አንድ በሽታ ናቸው። ገብሬል ማርቲኔሊ በ2019 ሲመጣ ከኢቱዋኖ ነው፤ ያኔ ብራዚል ውስጥ በአራተኛው ሊግ የሚጫወት ክለብ ነበር፣ እኛ ከየት እናውቀዋለን? ክለቡ መልማይ የሚቀጥረው እኛ የማናየውን እንዲያይልን ነው። በተቃራኒው በሙዚቃ የተቀነባበረ አጭር ቪዲዮ የልጁን የጠፉ ኳሶች አያሳይም፣ ኳስ ሲነጠቅ መመለሱንም አያሳይም። ዘጠና ደቂቃ ያልታየ ልጅ ላይ ዝም ማለት ይሻላል።

«ከፊቱ ማን አለ?» ብሎ አለመጠየቅ

ደጋፊ ሊጠይቅ ከሚገባው ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ እኛ ግን እምብዛም አናነሳውም።

ቼልሲ በ2012 ኬቨን ደብሩይነን በ7 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ በ2014 ደግሞ ሞሃመድ ሳላህን በ11 ሚሊዮን ገደማ ገዛ። መልማዮቹ አልተሳሳቱም፤ ዓይናቸው እንዲያውም የተባረከ ነበር። የተሳሳተው ቀጣዩ እርምጃ ነው። ሁለቱም ልጆች ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ተሸጡ። ደብሩይነ በቮልፍስቡርግ አድርጎ ሲቲ ገባ፣ ሳላህ በፊዮሬንቲናና በሮማ አድርጎ ሊቨርፑል። የቀረውን ሁላችንም አይተናል። ግዢውን «ብክነት» ያሉት ደጋፊዎች በልጆቹ ተሳሳቱ፤ «ይሄን ልጅ መቼ ልታሰልፉት ነው?» ያሉት ግን ልክ ነበሩ።

ጁድ ቤሊንግሃም በ2020 ከበርሚንግሃም ሲወጣ 17 ዓመቱ ነበር። ዩናይትድ በጣም ፈልጎት ነበር፣ ልምምድ ሜዳውንም አስጎብኝቶታል። ልጁ ግን ዶርትሙንድን መረጠ፤ እዚያ ልጆች ይሰለፋሉ። ብዙ የዩናይትድ ደጋፊ ያኔ «ትልቅ ክለብ ናቀ» ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን ቤተሰቡ እኛ ደጋፊዎች ልንጠይቀው የሚገባንን ጥያቄ ጠየቀ ባይ ነኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሪያል ማድሪድ ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ከፈለበት።

ኮል ፓልመርን ደግሞ ተመልከቱ። ሲቲ ውስጥ ከፊቱ የተደረደሩትን ማለፍ አልቻለም። በ2023 ቼልሲ 40 ሚሊዮን ፓውንድ ሲከፍል «የሲቲ ተቀያሪ በዚህ ዋጋ?» ያለው ብዙ ነው። በዚያው ዓመት በሊጉ 22 ጎል አገባ። ልጁ በአንድ ክረምት አዲስ ሰው አልሆነም፤ ቦታ አገኘ እንጂ።

ስለዚህ የሚቀጥለው የግዢ ጥያቄ ሲሰማ አሰላለፉን አውጥታችሁ ተመልከቱ። በዚያ ቦታ ላይ ያለው ተጫዋች ስንት ዓመቱ ነው? ውሉ መቼ ያልቃል? የዋንጫ ጨዋታ ላይ ልጆች ይሰለፋሉ ወይ? በውሰት ይሄዳል ከተባለ የት፣ የሚሄድበትስ አሰልጣኝ እንዴት ያጫውታል? መልስ ከሌለ ጮክ ብሎ መቃወም ተገቢ ነው።

18 ዓመት ያልሞላውን ነገ መጠበቅ

ሴስክ ፋብሬጋስ በ2003 ከባርሴሎና ለንደን ሲገባ 16 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ያ አይቻልም። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ፣ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ፣ ክለቦቿ ከውጭ አገር 18 ዓመት ያልሞላው ተጫዋች ማምጣት አይችሉም። ቼልሲ ብራዚላዊውን ኤስቴቫኦን በ2024 ተስማምቶ የወሰደው በ2025 ነው። «ገዛን ተባለ፣ የታለ?» እያሉ ክለቡን ውሸታም ማድረግ ደንቡን ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

የቤቱን ልጅ መርሳት

እዚህ ላይ ጥርጣሬያችን እንዲያውም ያንሳል። እስከ 2025/26 የውድድር ዘመን በነበረው የእንግሊዝ ሊግ ደንብ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይፈቀድለትም ነበር። በአካዳሚ፣ በክለቡ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ፣ ያደገ ልጅ መዝገብ ላይ የግዢ ዋጋ ስለሌለው ሲሸጥ ገንዘቡ በሙሉ ትርፍ ይሆናል። ቼልሲ ሜሰን ማውንትን በ2023፣ ኮነር ጋላገርን በ2024 ሸጠ። የእኛው ክለብም በ2024 ክረምት ኤሚል ስሚዝ ሮውንና ኤዲ ንኬቲያን ሸጠ። ስሚዝ ሮው ሲሄድ ከልቤ አዘንኩ። ሽያጩ ልክ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ደንቡ ክለቦችን የራሳቸውን ልጅ ሸጠው የሰው ልጅ እንዲገዙ መግፋቱ ያሳስበኛል። የውጭ ታዳጊ ሲጠየቅ በዚያው ቦታ አካዳሚው ውስጥ ማን እንዳለ ስሙን ጠርቶ መጠየቅ የደጋፊ መብት ነው። አርሰናል መስከረም 2022 ኢታን ንዋኔሪን በ15 ዓመቱ ብሬንትፎርድ ላይ ሲያስገባ ደጋፊው እንዴት እንደተደሰተ የሚረሳ አይመስለኝም።

ቁጣን ልጁ ገጽ ላይ ማፍሰስ

ዝውውሩ ሲጓተት ወይም የመጀመሪያው ጨዋታ ሲበላሽ፣ የልጁ ፎቶ ሥር በአማርኛ ሳይቀር የተጻፈ ስድብ አይቻለሁ። ዋጋውን የጠራው እሱ አይደለም። ውሉን ያረዘመው፣ ወንበር ላይ ያስቀመጠው፣ አሰልጣኝ የቀያየረው እሱ አይደለም። ገንዘቡ ስለበዛ ቆዳው አልወፈረም፤ ብዙዎቹ ገና ወላጆቻቸው አብረዋቸው የሚኖሩ ልጆች ናቸው።

ቡካዮ ሳካ ሐምሌ 2021 በዌምብሌይ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የመጨረሻውን ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት 19 ዓመቱ ነበር። የዘረኝነት ስድቡ በዚያው ሌሊት ስልኩ ላይ ዘነበ። ወደ አርሰናል ልምምድ ሜዳ ሲመለስ ግን ደጋፊዎች የላኩለት ደብዳቤ ግድግዳ ሞልቶ ጠበቀው። ነሐሴ ላይ ከቶተንሃም ጋር ለወዳጅነት ጨዋታ በጠላት ሜዳ ተቀይሮ ሲገባ የቶተንሃም ደጋፊዎች አጨበጨቡለት።