ጨጓራ ለሚያማችሁ፦ ተልባ ብቻውን አይበቃም

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለችው ጎረቤቴ ጨጓራዋ በተነሳ ቁጥር ተልባ በጥብጣ ትጠጣለች። ቀለል ይላታል። በሳምንቱ ደግሞ ሌሊት ሆዷን ይዛ ቁጭ ነው። ተልባው ያለሰልሳል፣ እሱን አልክድም፤ ግን የጨጓራ ቁስለት በአብዛኛው የሚመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከሚባለው ባክቴሪያ ወይም እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ካሉ ማስታገሻዎች ነው፣ በርበሬው ሕመሙን ቢቀሰቅስ ነው እንጂ።

ስለዚህ ባክቴሪያው መኖር አለመኖሩን የሚለይ የሰገራ ምርመራ አድርጉ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የምትወስዱ ከሆነ ሐኪማችሁን አማክራችሁ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት አቁሙት፣ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ ውጤቱ የለም ሊል ይችላል። ከተገኘ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ 14 ቀን ነው የሚወሰደው። በ5ኛው ቀን ተሻለኝ ብላችሁ እንዳታቋርጡ፣ እባካችሁ! ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምድና ሁለተኛው ዙር ይከብዳል። አንቲባዮቲኩ ሆዳችሁን ካወከው እርጎ ጎን ለጎን ይረዳል፣ ተልባውንም ከመድኃኒቱ ሰዓት አራርቁት። ጨርሳችሁ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይታችሁ ድጋሚ ተመርመሩ።

ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳችሁ ግን ነገ አትበሉ፣ ቀጥታ ሆስፒታል።