የእማዬ ሳል ብርድ አልነበረም

እማዬ ጂማ ላይ ሃያ ምናምን ዓመት እንጀራ ጋግራ ሸጣለች። ክረምት ሲገባ ዝናቡን ሸሽታ የማድ ቤቱን በር ትዘጋለች፤ እርጥቡ ባህር ዛፍ ይጨሳል፤ እሷ ትስላለች። «ብርድ ነው» ትለናለች፤ እኛም አመንናት። ቤታችሁ እንዲህ የሚስል ሰው ካለ እኔ ዘግይቼ ያደረግኩትን ቀድማችሁ አድርጉት።

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ። እኔ የሳለችበትን ቀን ሁሉ ግድግዳው ካሌንደር ላይ በእስክሪብቶ አከበብኩ፤ ከሰኔ ጀምሮ ጥቅምትን አለፈ። አክታ ያለው ሳል በዓመት ቢያንስ 3 ወር፣ 2 ዓመት በተከታታይ ከቆየና ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት ሥር የሰደደ ብሮንካይተስ ይባላል። ሐኪም ቤት ለመሄድ ግን 3 ወር አትጠብቁ። ሳል 2 ሳምንት ካለፈው አክታው ለቲቢ ይመርመር።

ስሙን ልተወውና፣ አንድ ክሊኒክ በሄድን ቁጥር አሞክሳሲሊን ይሰጠን ነበር፤ አራት ጊዜ። ትንፋሿን የለካ አልነበረም። እናንተ ስፓይሮሜትሪ ጠይቁ፤ ቱቦ ውስጥ ባለ በሌለ ኃይል መንፋት ነው። የሳንባ ቧንቧ የሚከፍተው መድኃኒት ከተወሰደ በኋላም በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር ከጠቅላላው 70 በመቶ ካልሞላ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው።

ውስጡን ለእማዬ ያስረዳኋት በጀበና ነው። ሳይታጠብ የከረመ ጀበና አንገቱ በአተላ ይጠብና ቡናው እየተንጠባጠበ ይወርዳል አይደል? የሳንባ ቧንቧም ጭስ ሲለምደው ግድግዳው ያብጣል፣ አክታ አመንጪዎቹ ይበዛሉ፣ አክታውን ጠርገው የሚያወጡት ጥቃቅን ፀጉሮች ይጎዳሉ። ለመጥረግ የቀረው ሳል ብቻ ነው። ቧንቧው ከጠበበ ደግሞ የገባው አየር በቶሎ አይወጣም። «ጀበናውስ ይታጠባል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የጠበበው እንደ ድሮው አይመለስም። ጭሱ ሲቀር ግን መባባሱ ይዘገያል። ስለዚህ ምጣዱን ከማድ ቤት አውጥተን ዳስ ስር አደረግነው፤ እንጨቱን በበጋ ማድረቅ ጀመርን። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ከሁሉ በፊት እሱን ያቁም። ዝንጅብልና ማር ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፤ ቧንቧ አይከፍቱም።

ሳልቡታሞል ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበው ቧንቧ ከፋች መድኃኒት፣ ከታዘዘ አብዛኛው ሰው የሚነፋው ምላሱ ላይ ነው። እማዬም እንደዚያው ነበረች፤ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ገላገለን። በጋለ ሽቦ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ብሱትና ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ። በሳሙና ውኃ እጠቡት፤ በጨርቅ ሳትወለውሉ ራሱ ይድረቅ። ፓፉን ነቅንቃችሁ ሰኩት። ታማሚዋ አየር አስወጥታ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሯ ትያዝ፤ አንዴ ብቻ ተጫኑ፤ ቀስ ብላ በረጅሙ ትሳብ፤ ትንፋሿን ትያዝና እስከ 10 ቁጠሩ። ሁለተኛው ከደቂቃ በኋላ።

ዳገት ላይ፣ ለምሳሌ ወደ ጅሬን ስትወጣ፣ ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዝ ከንፈሯን ሰብሰብ አድርጋ ታስወጣለች፤ በሁለት እርምጃ ስባ በአራት።

አክታው በዝቶ ቀለሙ ከተቀየረ ወይም እግር ካበጠ ሐኪም ጋ ሂዱ። ደም ከታየም እንዲሁ። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት፣ ያለ ወትሮዋ ካንቀላፋች ወይም ምላሷና ጥፍሯ ከጠቆረ በሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርታችሁ ሐኪም ቤት ውሰዷት።

እጣኑ ላይ ግን አልተስማማንም። «ያለ እጣን ምን ቡና አለ?» ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። አሁን ማጨሻው በረንዳው ጥግ፣ ከነፋሱ በታች ይቀመጣል፤ እሷ ዞር ስል ትንሽ ታስጠጋዋለች፣ እኔም ትንሽ አርቀዋለሁ።